በእትዬ አንሶላ ላይ ያረፈችው የእሳት ራት

በሰፈሩ ውስጥ አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ መብራት» ይሉታል፤ ትልልቆቹም ከልጆቹ ተውሰው በዚያው ይጠሩታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሌላው ሰው ቤቱ ገብቶ መጋረጃውን ሲስብ፣ እሱ መብራቱን ይዞ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ይወጥራል፣ አምፖሉን ፊት ለፊቱ ይሰቅላል፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንግዳ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ሲኒማው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» ይለዋል አላፊ አግዳሚው።

«ጀምሯል እኮ! አንተ ነህ ያረፈድከው።»

እውነቱን ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ጨርቁ ላይ ስንት ጉድ አለ። የእሳት ራት ሲባል ሰው የሚታየው አንድ አቧራማ ነገር አምፖል ሲዞር ነው። ጋሼ መብራት የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ የደረቀ ቅጠል መስሎ የተለጠፈ፣ አንዱ የወፍ ኩስ መስሎ ጠላቱን የሚያታልል፣ አንዱ ደግሞ ፀጉራም ካፖርት የለበሰ የሚመስል። ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጁ ይንቀሳቀሳል። «እየው! እየው! ቀንዱን እየው፣ እንደ ላባ አይደል? ይሄ ወንድ ነው። በዚያ ላባ ነው ሴቷን ከሩቅ የሚያሸታት» ይላል። የቸኮለ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያሸታል።

የሚሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ከሚገባበት አዳራሽ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው። አንዱን መሳቢያ ሳብ ሲያደርጉት፣ በመስታወት ሥር የእሳት ራቶች በመርፌ ተሰክተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ይታያሉ። ሌላ ነፍሳት ገብቶ እንዳይበላቸው በየጥጉ ናፍታሊን ተቀምጧል። ሽታው ከጋውኑ አልፎ ቆዳው ውስጥ ስለገባ፣ ነርስ የሆነችው ባለቤቱ፣ «አንተን እንኳ ብል አይደፍርህም፤ ለሌላ ሌላው ነው የምሰጋው» ትለዋለች።

ለዚህ ሥራ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ናት። እሱ «እትዬ» ስለሚላት ሰፈሩም ደንበኞቿም «እትዬ» ይሏታል። እናታቸው ያረፉት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነበር። እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ ልብስ ማጠብ ያዘች፤ በእጇ ጀምራ፣ እያደር ማሽን ገዝታ፣ ዛሬ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንድሪ አላት። እሱ ያደገው መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ፣ የካውያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ነው። አምፖሉን ብሎ የመጣ የእሳት ራት ነጩ አንሶላ ላይ ሲያርፍ፣ እትዬ ካውያዋን አንሥታ ትጠብቀዋለች።

«ንሣ፣ ይሄን ዘመድህን ሳልተኩሰው አንሣልኝ!»

እሱም በሁለት እጁ ከድኖ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ከመልቀቁ በፊት ግን በጣቶቹ መካከል አጮልቆ ያየዋል። የሙያው መጀመሪያ ይኸው ነው።

አሁን «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው፣ አንድ ሰው ጫካ ውስጥ እየሄደ ድንገት «አገኘሁ!» ብሎ ሲጮህ ነው። ማግኘቱስ ቀላል ነው። ከባዱ ከእሱ በፊት ማንም አይቶ ስም እንዳላወጣለት ማረጋገጡ ነው። መሳቢያ በመሳቢያ ማየት፣ የድሮ መጻሕፍት ማገላበጥ፣ ሌሎች ሙዚየሞች ላሉ ባልደረቦች ፎቶ እየላኩ «ይሄን ታውቁታላችሁ?» ማለት ነው። ቀለም ደግሞ ያታልላል። ሰው በካፖርቱ ብቻ ቢለይ ኖሮ፣ በዝናብ ቀን ስንቷ ሴት የማታውቀውን ባል ይዛ ቤቷ በገባች!

ስለዚህ ባለሙያው ወደማያታልለው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ሆድ ጫፍ። እዚያ የተደበቀው የመራቢያ አካል በየዝርያው የተለየ ነው። የወንዱ ጥርስና ኩርባ እንዳለው ቁልፍ ነው፤ የሴቷ ደግሞ ለዚያ ቁልፍ ብቻ እንደተሠራ ጓጉንቸር። ጋሼ መብራት የሞተውን የእሳት ራት ሆድ ቆርጦ ሥጋውን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ በወረንጦና በቀጭን ብሩሽ ያጸዳዋል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ይሥለዋል። ይህን ለእትዬ ያስረዳት ቀን አፏን በእጇ ያዘች።

«የሰው ገመና አልበቃ ብሎህ የነፍሳት ገመና ትከፍታለህ?»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«እኔም ሥራዬ የሰው ገመና ማጠብ ነው፤ ግን ሥዕል አልሥልበትም!»

የዚህ ታሪክ ነገር የተጀመረው በእሷው ግቢ ነው። አንሶላዎቹ የሚሰጡበት ግቢ በነጭ የቱቦ መብራት ይበራል። ለእትዬ ልብስ ማስጫ ነው፤ ለጋሼ መብራት ግን በዓለም ላይ የዚያን ያህል ሰፊ የእሳት ራት መጥሪያ ጨርቅ የለም። አንድ የዝናብ ወራት፣ አንድ የትራስ ልብስ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የተለጠፈ ቡናማ የእሳት ራት አገኘ። በክንፉ መሐል ለመሐል እንደ መኪና ስፌት የቀጠነ መስመር ነበረው። መሳቢያው ውስጥ የለም፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ባልደረቦቹም «አናውቀውም» አሉ። ደስታው አላስቀምጠው ብሎ እየሮጠ ወደ እትዬ ሄደ።

«በስምሽ ነው የምጠራው! ሳይንስ ውስጥ ትገቢያለሽ!»

እትዬ ፎቶውን አየችው። «ከሁሉ ቀለም ቡናማ?» አለች። ግን በነጋታው ወሬው ደንበኞቿ ዘንድ ደረሰ። ካኒቴራ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ካኒቴራውን ከማግኘቱ በፊት ስለ እሳት ራቱ ይሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሌላ መጣ። እሱ በሌለበት እትዬ የታጠበ አንሶላ ላይ ያረፈ አንድ ነጣ ያለ፣ አመድማ፣ ወፈር ያለ የእሳት ራት አየች። ሻይ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ደፍታበት፣ ከሥሩ ካርቶን አሾልካ ያዘችው። «ዘመድህ መጥቷል፤ አንሶላዬን ሳያበላሽ ውሰደው» ብላ ደወለችለት። ይህም በየትኛውም መሳቢያ አልነበረም። ሁለተኛ አዲስ ዝርያ! ጋሼ መብራት በዚህ ጊዜ የሮጠው ወደ መምህሩ ነው።

መምህሩ ከእሱ በፊት የዚያ ምድር ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። መርፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በሕይወታቸው ለስንቱ የእሳት ራት ስም አውጥተዋል፤ በእሳቸው ስም የተጠራ ግን አንድም የለም።

«መምህር፣ ይሄኛው በእርስዎ ስም ይሆናል» አላቸው።

ሽማግሌው በማጉያ መነጽራቸው አዩትና፣ «ወንዱስ?» ብለው ጠየቁ። «ይሄ ሴት ነው። ወንዱን አይተኸዋል?»

«ገና ነው። ይመጣል።»

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሊሠራው የማይችል ስሕተት። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱም ዓይነት ሌሎች ያዘ፤ ቡናማዎቹ ሁሉ ወንድ ነበሩ። አመድማዎቹ ሁሉ ሴት። ጋሼ መብራት ይህን ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ ለሁሉም መልስ ነበረው። «ወንድ ከሴት ይልቅ ወደ መብራት ይሮጣል፤ ለዚህ ነው የቡናማው ሴት ያልመጣችው። የአመድማው ደግሞ የሚወጣበት ጊዜ ይለያል፤ ወንዱ አልፎኝ ይሆናል።» መጠናቸው ይለያያል፣ ቀለማቸው ይለያያል፣ የክንፋቸው መስመር ይለያያል። የሁለቱን ሆድ አጽድቶ፣ ሥሎ፣ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ቁልፉ በአንድ እጁ፣ ጓጉንቸሩ በሌላ እጁ ነበር። አንዱን በሌላው መክፈት ግን አልታሰበውም። ሁለት ሰው ሁለት ስም እየጠበቀ ነበርና ዓይኑም ሁለት ነበር ያየው።

ያዳነችው አንዲት አመድማ ናት። በሕይወት ይዞ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ያሳደራት፣ የኩባያው ግድግዳ ላይ ደርደር አድርጋ እንቁላል ጣለች። አዲስ ዝርያ የሚገልጽ ጎበዝ ባለሙያ የወላጁን መልክ ብቻ ሳይሆን የልጁንም ይጽፋልና፣ ጋሼ መብራት ኩባያውን ቤቱ ወስዶ፣ ከሥሩ አፈር አድርጎ አፉን በመረብ ሸፍኖ ፍሪጅ ላይ አስቀመጠው። የተፈለፈሉት ትሎች ያቀረበላቸውን ቅጠል ሁሉ ናቁ። በመጨረሻ የላውንድሪውን ግቢ የሚከበውን የአጥር ተክል ቢሰጣቸው፣ ጾም እንደፈታ ሰው ተረባረቡበት። ሲሄዱ ወገባቸውን ወደ ላይ አጥፈው፣ እንደገና ዘርግተው፣ ጨርቅ በስንዝር እንደሚለካ ነጋዴ ነው።

«እኔ ዳቦ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ፤ አንተ ልጅ ታሳድጋለህ» አለች ባለቤቱ።

«ትንሽ ታገሺኝ። አፈር ውስጥ ገብተው ይተኛሉ፣ ከዚያ በኋላ አይረብሹሽም።»

«የሚተኙ ከሆነስ ከአንተ ይሻላሉ።»

አንድ ቀን ጠዋት ጥርሱን ሲፋቅ ከኩሽና ጠራችው። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ ወጡልህ! ግን እናታቸውን አጥብቀህ ጠይቃት፤ አባታቸው ሁለት ሳይሆን አይቀርም።»

መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ መጣ። በኩባያው መረብ ላይ አንዲት አዲስ አመድማ ክንፏን እያደረቀች ነበር። አጠገቧ፣ ከዚያችው እናት እንቁላል፣ ከዚያው አፈር የወጣ ቡናማ። መሐል ለመሐል እንደ መኪና ስፌት የቀጠነ መስመር ያለው።

ጋሼ መብራት ቁርሱን ሳይቀምስ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። የሁለቱን ሥዕል አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ወደ መብራት ያዘው። የቁልፉ ጥርስ ሁሉ በጓጉንቸሩ ኩርባ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይዞ ገባ። ከዚህ በላይ ምስክር የለም። መጀመሪያ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀጥሎ ብቻውን፣ በተሰለፉት የእሳት ራቶች ፊት፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ባልና ሚስት አፋትቶ ለየብቻ መታወቂያ ሊያወጣላቸው ነበር!

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ዕዳ ታወሰው። የእሳት ራቱ አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው፤ ቃል የገባው ግን ለሁለት ሰው ነው። አንዷ አሳድጋዋለች፣ አንዱ አስተምረውታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄኔ ነው።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ በማጉያ መነጽር እያነበቡ ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ እንቁላሉን፣ ትሉን፣ ሥዕሉን።

«ወንዱን አገኘኸው በለኛ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጎሽ! አንዳንዱ ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚያስታርቀው ስንት ጊዜ ተመላልሶ ነው፤ አንተ በአንድ ኩባያ ጨረስከው።»

«መምህር፣ ስሙ ግን…»

መነጽሩን ጋዜጣው ላይ አስቀመጡት። «አልዋሽህም፣ ልጄ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሲያረጅ ከማንነቱ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ያስባል። ግን እህትህ ቀድማለች፤ የሷን ቃል አጥፈህ እኔን ብታከብረኝ አልከበርም። ሂድና ከሷ ጋር ጨርስ።»

እትዬን ያገኛት አንሶላ ስታጥፍ ነው። ትልቅ አንሶላ ብቻውን አይታጠፍምና ሳትጠይቀው አንዱን ጫፍ አስያዘችው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሥራ ነው፤ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ተራምደው ይገናኛሉ፣ ጫፉን ትቀበለዋለች፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዱን ሲያራግፉ ነገሩን ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ያ ቡናማው ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ ‹በእኔ ስም የሚጠራ› ስል የከረምኩት ወንድ ነው? አዋረድከኝ!»

«ሚስትም እኮ አለችው እትዬ፤ ያቺ በብርጭቆ የያዝሻት።»

«እሷስ ቆንጆ ነበረች። ታዲያ ምን ቸገረህ? አንድ ከሆኑ ስሙ ያው የእኔ ነው።»

«መምህርንም ቃል ገብቼላቸው ነበር።»

እትዬ ቆመች። አንሶላው በመሐላቸው እንደተወጠረ ቀረ።

«ከተናገሩት ከጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም? አንድ ስም ይዘህ ለሁለት ሰው ታድላለህ?»

«ሁለት መስሎኝ ነው።»

«እሳቸው ግን… በስማቸው የተጠራ ስንት አላቸው?»

«የለም።»

«አንድም?»

«አንድም እትዬ።»

ተራምዳ መጥታ ጫፉን ተቀበለችው። አጠፈች። ሌላ አንሶላ አነሣች። ያንንም አጠፉት።

«ትምህርትህን የጨረስክ ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ባንክ እንድትገባ ነበር የፈለግሁት። ከረባት አድርገህ። እሳቸው ጋውናቸውን ይዘው መጡ፣ ‹ይታጠብልኝ› ብለው። ዘርግቼ ባየው ንጹሕ ነው፤ የእኔው ካውያ እጥፋቱ ላይ አለ። ከሦስት ቀን በፊት የወሰዱት ነው። ‹ጌታዬ፣ ይሄ ምኑ ይታጠባል?› ብላቸው ቆሙ፣ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ‹ልጁን ስጪኝ፤ ያየውን የማይረሳ ዓይን አለው› አሉኝ። ለአንተ ነበር የመጡት፤ ጋውኑ ሰበብ ነበር።»

«ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ሲጠየቅ ነው የሚነገር። በል፣ ለሳቸው ይሁን።» ጣቷን አነሣችበት። «ግን በባዶ እጄ አልሄድም። ያቺን ሴትዮ በብርጭቆዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። ይሄስ የማይጻፍበት አገር አለ?»

ጋሼ መብራት አንሶላውን እንደያዘ ፊቱ ሁሉ በራ። ይህን እንዴት ረሳው! እያንዳንዱ የተሰካ የእሳት ራት ሥር፣ በዚያው መርፌ፣ ትንሽ ወረቀት ይሰካል። የት እንደተያዘ፣ መቼ እንደተያዘ፣ በማን እንደተያዘ ይጻፍበታል። ከሁሉም መካከል ደግሞ አንዷ ትመረጣለች። ስሙ የሚታሰረው በእሷ ነው፤ ወደፊት ክርክር ቢነሣ «ያቺ ትምጣ» የምትባለው ምስክር እሷ ናት። ምስክርነቷ እንዲታወቅ ቀይ ወረቀት ይጨመርላታል፤ ሙዚየሙ እስካለ ድረስም ትጠበቃለች።

«ምስክሯ ያንቺዋ ትሆናለች» አላት። «ለወንዱ አይደለም ቀዩ፤ ላንቺዋ ነው። ሥሯ ላይ ስምሽ ከነአባትሽ ይጻፋል።»

«ከነላውንድሪው?»

«ከነላውንድሪው።»

«እንግዲያስ ታረቅን። ያዝ፣ አታንጠልጥለው፤ መሬት ሊነካ ነው!»

ዝርያውን ለዓለም የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ እንደገና ጻፈው። ሁለት የነበረው ምዕራፍ አንድ ሆነ፤ የወንዱ መልክ፣ የሴቷ መልክ፣ የትሉ አረማመድ፣ የሚበላው ተክል። በፊት ከነበረው አጠረ፤ ግን በፊት ያልነበረው ቤተሰብ አሁን ሙሉ ሆኖ ገባበት። በስሙም ቦታ የመምህሩ ስም፣ በሙያው ወግ መሠረት ትንሽ የላቲን ጭራ ተቀጥሎለት ተቀመጠ።

ታትሞ በወጣ ሰሞን ሁለቱን ወደ ምድር ቤቱ ጠራቸው። መምህሩ ጋውናቸውን ለብሰው መጡ፤ እትዬ ገና ከደረጃው ሳይወርዱ አንገትጌያቸውን አየት አደረገች።

«ማን ነው የተኮሰልዎት ይሄን?»

«ራሴ ነኝ፣ ልጄ።»

«ያስታውቃል። ሲወጡ ይተዉልኝ።»

«አሁንም ንጹሕ ነው ብትይኝስ?» አሉ ሽማግሌው፤ እትዬም መሳቢያዎቹ እስኪነቀነቁ ሳቀች።

ጋሼ መብራት መሳቢያውን ሳበ። ቡናማው ባል በአንድ በኩል፣ አመድማዋ ሚስት በሌላው፤ በእሷ መርፌ ላይ ቀዩ ወረቀት። ሽማግሌው የታተመውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ስማቸውን በማጉያው አገኙት። አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ማጉያውን ለእትዬ አቀበሏት።

እትዬ ጎንበስ ብላ ከመርፌው ሥር ያለውን ወረቀት ፈለገች፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጽሑፍ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ላውንድሪዋን።

«አንተ፣ ይሄን ያህል ያሳነስከው ምን ብትቆጥብ ነው?»

«ከክንፏ ሥር የሚገባው ይሄው ነው እትዬ።»

«ግድ የለም» አለች፣ ዓይኗን ከማጉያው ሳታነሣ። «ማንበብ የፈለገ ጎንበስ ይበል።»